ከተማ በበሯ ትመዘናለች



ዛሬ ለቦንጋ ነዋሪዎች የምናገረው ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥንታዊ ከተሞች ነው። ኢያሪኮ፣ ለኪሶ፣ ኢየሩሳሌም፣ ጢሮስ፣ ነነዌ፣ ባቢሎን፤ ስማቸው ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ኦርቶዶክሱ በቅዳሴውና በጾሙ፣ ፕሮቴስታንቱና ካቶሊኩ በስብከቱ ይሰማቸዋል፤ ሙስሊሙም የነቢዩ ዩኑስን ታሪክ ከቁርኣን ያውቃል። ብዙ ጊዜ ግን ከተሞቹን ነቢያትና ነገሥታት እንደሚያልፉባቸው መንገድ ብቻ ነው የምናስባቸው። ኢያሱ ኢያሪኮን ዞረ፣ ዮናስ ነነዌ ገባ፣ ዳዊት ኢየሩሳሌምን ያዘ እንላለን። ከተሞቹ ራሳቸው ምን እንደነበሩ፣ ሰው እንዴት ይኖርባቸው እንደነበር፣ መጽሐፉስ ለምን ይህን ያህል እንደሚጨነቅላቸው አንጠይቅም።

እኔ ይዤ የመጣሁት አሳብ አንድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከተማን የሚመዝናት በቅጥሯ ቁመት ሳይሆን በበሯ ላይ በሚደረገው ነገር ነው። ማን ይገባል? ማን ይከለከላል? የማን ክስ ይሰማል? ምን ይሸጣል፣ ማንስ ይሸጣል? ይህን ለመረዳት ካፋ ከብዙ ቦታ የተሻለ ማስተማሪያ ነው። ይህ አገር ራሱ በጉድባና በኬላ የታጠረ መንግሥት ነበርና። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በመጽሐፉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ከተማ የቆረቆረው ቃየል ነው። ወንድሙን ገድሎ ከተሰደደ በኋላ ከተማ ሠራ፤ በልጁም ስም ሄኖክ ብሎ ጠራት። እጁ ደም የነካ፣ ያገኘኝ ሁሉ ይገድለኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ነው ከተማ የጀመረው። ስለዚህ ከተማ በመጽሐፉ ውስጥ ስትወለድ ከፍርሃት ጋር ተወለደች። በመጨረሻው መጽሐፍ በዮሐንስ ራእይ ደግሞ ዮሐንስ ያያት ከተማ በሮቿ በቀን ከቶ የማይዘጉ ናት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም መንገድ ነው የዛሬው ጉዳያችን።

የጥንቱን ከተማ ስናስብ የዛሬዎቹን አዲስ አበባን ወይም ጅማን በዓይናችን እንዳናመጣ። ዳዊት የያዛት ኢየሩሳሌም በአንድ ጠባብ ኮረብታ ወገብ ላይ፣ በጥቂት ሄክታር መሬት ያረፈች ነበረች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር በደቂቃዎች ታልቃለች። ከተማ በጦርነት ወይም በእሳት ሲፈርስ በፍርስራሹ ላይ ሌላ ይሠራል፣ እሱም ሲፈርስ ሌላ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ቦታው ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ኢያሪኮ እንዲህ ያለች ጉብታ ናት። ከ1952 እስከ 1958 ቁፋሮውን የመራችው እንግሊዛዊቷ ካትሊን ኬንዮን ከጉብታው ሥር ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ የድንጋይ ግንብ አገኘች፤ ዕድሜው 10 ሺህ ዓመት ይጠጋል። በኢያሱ ዘመን የወደቀው ቅጥር የትኛው ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ ለእነሱ ይሁን። እኔን የሚይዘኝ ከዚያች ከተማ ከነቤተሰቧ የተረፈችው ሴት ማን መሆኗ ነው። ረዓብ ትባላለች፤ ቤቷ ከቅጥሩ ጋር የተያያዘ፣ ኑሮዋም በሰው ዘንድ የተናቀ ነበር። ኢያሱ የላካቸውን እንግዶች ያስጠጋች ግን እሷ ናት። በማቴዎስ ወንጌል የክርስቶስ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስሟን እናገኘዋለን።

የከተማዋ ልብ በሩ ነበር። በሩ ስል ሁለት ሳንቃ ብቻ አይምሰላችሁ። በግራና በቀኝ የጥበቃ ክፍሎች ያሉት፣ ከጎኑ የድንጋይ መቀመጫ የተሠራለት ሰፊ መተላለፊያ ነው። በሰሜን እስራኤል በጥንቷ የዳን ከተማ ፍርስራሽ ላይ ይህ መቀመጫ ዛሬም በቦታው አለ። ሽማግሌዎች እዚያ ይቀመጣሉ፤ ነጋዴው እዚያ ጭነቱን ያራግፋል፤ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን የቀማትን ሰው የምትከሰው እዚያ ነው። ቦዔዝ ሩትን የማግባቱን ነገር ለመጨረስ ወደ በሩ ወጥቶ ተቀመጠ፣ 10 ሽማግሌዎች ጠርቶ አስቀመጠ፣ ውሉም በሕዝብ ፊት ተፈጸመ። ሞዓባዊቷ ስደተኛ ሩት የዳዊት ቅድመ አያት የሆነችው በቤተ ልሔም በር ላይ በተሰጠ ፍርድ ነው። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም አባቱን ለመገልበጥ ሲያስብ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጦር ሰፈር አልነበረም። ማልዶ ከበሩ መንገድ ዳር እየቆመ ፍርድ ፈላጊውን ሁሉ ያቅፍና ይስም ነበር፤ የሕዝቡ ልብ የሚገኘው በበሩ ላይ መሆኑን ያውቃላ! ነቢዩ አሞጽ በእስራኤል ላይ ካነሣቸው ክሶች መካከል አንዱ በበሩ ላይ ድሀው ፍርዱን እየተነጠቀ መሆኑ ነው።

ሰዶምንም በዚህ ዓይን እንያት። ሎጥ ሁለቱን እንግዶች ያገኛቸው በከተማዋ በር ተቀምጦ ሳለ ነው። የዚያን ሌሊት የከተማዋ ሰዎች በእንግዶቹ ላይ ያሰቡትን ታውቃላችሁ። በኋላ ዘመን ሕዝቅኤል የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ እንጀራ መጥገብን፣ ሥራ ፈትቶ መዝናናትን፣ የድሀውንና የችግረኛውን እጅ አለመያዝን ይጠቅሳል። ጠግባ የተዘጋች ከተማ ነበረች።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በጉድባ ስለተከበበ መንግሥት ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። የካፋ ነገሥታት ጠረፋቸውን ሰውና ፈረስ በማይሻገረው ጥልቅ ጉድባና በእንጨት አጥር አስከብረው ነበር፤ ምልክቱ ዛሬም በየቦታው ይታያል። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኬላው ብቻ ነበር። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የመጣ ነጋዴ ኬላው ላይ ይቆማል፣ ወሬው ታቶ ወደሚባለው ንጉሥ ይደርሳል፣ ፈቃድ ሲመጣ ይገባል። ከገባም በኋላ ንግዱ ቦንጋ ላይ እንጂ እንደ ልቡ በአገሩ ሁሉ መዘዋወር አልተፈቀደለትም። ፈረንሳያዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ቦንጋ የደረሰው የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ቤተ መንግሥት ሚስት እንዲያመጡለት ከላካቸው ሰዎች ጋር ነው። በሠርገኛ መካከል ባይሆን መግባቱ ያጠራጥር ነበር። የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ አባ ማሳያም በ1859 ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ካስተማረ በኋላ በ1861 ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። መዝጋትም መክፈትም የታቶውና የሚክረቾ የተባለው የምክር ቤቱ ሥልጣን ነበር።

እንግዲህ ከባዱን ነገር ልናገር። እነዚህን ኬላዎች ሲጠብቁ ከኖሩት መካከል የማንጆ ወገኖቻችን አሉ። ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ አዳኞቹ እነሱ ነበሩ፤ በጠረፉ ላይ ሌት ተቀን ቆመው አገሪቱን ከጠላት የሚያስጠነቅቁም እነሱ። የአገሪቱ በር በእጃቸው ነበር፤ የጎረቤታቸው ቤት በር ግን ዝግ ነበር። ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጡም፣ ጋብቻማ የማይታሰብ ነበር። ይህ ጨርሶ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ የመጽሐፉን ከተሞች ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ነው። አሞጽ ቦንጋ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉድባው ጥልቀት ይመስላችኋል?

ስለ በር ከተነሣ ስለ ገበያ መነሣቱ አይቀርም። ጢሮስ በባሕር መካከል በደሴት ላይ የተሠራች የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 27 ጢሮስን እንደ ውብ መርከብ አድርጎ ያለቅስላታል፤ ከየአገሩ የሚመጣላትን ሸቀጥ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ብር፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ፈረስ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ስንዴ፣ ማር፣ ዘይት፣ ሱፍ። ከዕቃው መካከል የሰው ነፍስም አለ። ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 18 ባቢሎን ብሎ በጠራት ከተማ ላይ ተመሳሳይ ዝርዝር ይሰጣል፤ ዝርዝሩን የሚዘጋውም ሰው ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ንግድን አይጠሉም፤ የቆጠራውን ጥንቃቄ ላየ ሰው የዕቃው ውበት እንደገባቸው ግልጽ ነው። ሰው ከማርና ከዝሆን ጥርስ ጋር በአንድ መስመር ሲጻፍ ግን ከተማዋ አበቃላት ይላሉ።

የቦንጋ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚልከው ምን ነበር? ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ። ባሪያም። ከዚህ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጅማና በእናርያ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያም ምጽዋ ይደርስ ነበር። ካፋ በ1897 በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዚህ አካባቢ እየተነዳ የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። ስለ ካፋ ታሪክ ስንናገር የምድሪቱን ቡና እንደምናነሣ ሁሉ ይህንንም ማንሣት አለብን። ቡናውና ሰውየው የሄዱት በአንድ መንገድ ነውና።

ቅጥርስ ቢሆን ምን ያህል ያድናል? ወደ ለኪሶ ልውሰዳችሁ፤ ከኢየሩሳሌም ቀጥላ የይሁዳ ትልቋ ምሽግ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከበባት። ከተማዋን ለመያዝ ከቅጥሩ ጋር የሚገጥም የድንጋይ መወጣጫ ሠራ፤ ያ የድንጋይ ክምር እስከ ዛሬ በቦታው ይታያል። በድሉም ተደስቶ በነነዌ በሠራው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ታሪኩን አስቀረጸ። ሥዕሉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦስተን ሄንሪ ላያርድ ቆፍሮ አወጣው፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ቀስተኞችና መንኮራኩር ያለው የቅጥር መደርመሻ አሉበት፤ ከቅጥሩ ላይ ችቦ የሚወረውሩ ተከላካዮች አሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የተሸነፉትን ተመልከቱ። ከበሩ የሚወጡ ቤተሰቦች ናቸው። በሬ የሚስበው ጋሪ ላይ ዕቃ ተጭኗል፤ ሴቶችና ሕፃናት በጋሪው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ጓዛቸውን በትከሻ ተሸክመው በእግር ይከተላሉ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ያያቸዋል። የቀረጸው ሠዓሊ የድል አድራጊው ቅጥረኛ ነበር፤ ሆኖም የተሸናፊዎቹን ሐዘን አልሸሸገውም።

በዚያው ወቅት በኢየሩሳሌም ንጉሡ ሕዝቅያስ ከበባ እንደሚመጣ አውቆ ውኃውን ወደ ከተማዋ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ 533 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ በዓለት ውስጥ ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ ከሁለቱም ጫፍ ተነሥተው መሐል ላይ ተገናኙ። በ1880 በዋሻው ግድግዳ ላይ የተገኘው ጽሑፍ የንጉሡን ስም አያነሣም። የሚተርከው በዓለቱ ማዶና ማዶ ያሉት ሠራተኞች አንዱ የሌላውን ድምፅ እንዴት እንደሰሙና ዶማቸው እንዴት እንደተገናኘ ነው። ሌላም ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። በዚያ ጦርነት መሐል ሰናክሬም የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊወጋው እንደመጣ ሰማ ብሎ መጽሐፉ ይመዘግባል። በመጽሐፉ ኢትዮጵያ የተባሉት የኩሽ ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ ተመልካች አልነበሩም።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ባቢሎን መጣ፤ በዚያን ጊዜ ለኪሶም ኢየሩሳሌምም አልተረፉም። በ1935 የለኪሶ በር በተቆፈረ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ፣ በቃጠሎው አመድ መካከል፣ በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች ተገኙ። ከጠረፍ ላይ ያለ አንድ ወታደር ለአለቃው የላካቸው ደብዳቤዎች ናቸው። በአንደኛው ላይ የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቁ መሆናቸውን፣ የዓዜቃ ግን እንደማይታይ ይገልጻል። ኤርምያስ በምዕራፍ 34 ከይሁዳ ምሽጎች ያልተያዙት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደነበሩ ጽፏል። ወታደሩ ሲጽፍ ምናልባት ዓዜቃ ወድቃ ነበር። በተራራ ላይ ቆሞ፣ ማዶ ይነድ የነበረውን እሳት በዓይኑ እየፈለገ የሚያጣ ሰው አስቡት።

የካፋ ጠረፍ ጠባቂዎችም በ1897 ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የሚመራው የአፄ ምኒልክ ጦር፣ የጅማው አባ ጅፋር ጦርም ታክሎበት፣ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ጉድባው ጦርና ጋሻ የያዘን ጠላት ለዘመናት መልሶ ነበር፤ ጥይትን ግን አልመለሰም። የነገሥታቱ መቀመጫ አንድራቻ ተቃጠለች። ከ1890 ጀምሮ የነገሠው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በጫካ በተራራ እየተዘዋወረ ለወራት ተዋግቶ በመጨረሻ ተማረከ። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1898 መጀመሪያ እዚህ ሲደርስ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አንድራቻ ላይ ሰፍረው አገኛቸው፤ በመንገዱ ያየውን የአገሩን መጥፋትም ጽፎ አስቀርቷል።

ታቶ ጋኪን ስናስብ የይሁዳውን ንጉሥ ዮአኪንን ማሰብ ይገባናል። ዮአኪን በ18 ዓመቱ ነግሦ በሦስት ወሩ በናቡከደነፆር ተማርኮ ባቢሎን ወረደ። ሁለተኛ ነገሥት የሚዘጋው በእሱ ታሪክ ነው። በተማረከ በ37ኛው ዓመት ከእስር ወጥቶ በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ እንዲበላ ተፈቀደለት ይላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመኖች ባቢሎንን ሲቆፍሩ ካገኟቸው የሸክላ መዝገቦች መካከል ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የተሰፈረ ዘይት የተመዘገበባቸው ይገኛሉ። የአንድ ጎተራ ጸሐፊ ስሙን ከነማዕረጉ ጻፈው፤ ከተማው ከፈረሰበት በኋላ እንኳ ንጉሥነቱ በምግብ መዝገብ ላይ አልተፋቀም። ታቶ ጋኪ ሸሮቾም በአንኮበርና በአዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ በእስር ኖሮ በ1919 አረፈ። ወደ ካፋ አልተመለሰም። ጎጀብን ሲያሻግሩት የንግሥና ቀለበቱን ወንዙ ውስጥ እንደጣለ አባቶች ይናገራሉ። ዘውዱ በአፄ ምኒልክ አማካሪ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ አውሮፓ ሄዶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ዕቃም ባቢሎን ወርዶ፣ በፋርሱ ንጉሥ በቂሮስ ዘመን በቁጥር እየተሰጠ እንደተመለሰ ዕዝራ ይነግረናል።

የአሸናፊዎቹ ከተሞችስ? እዚህ ላይ መጽሐፉ ያስገርመኛል። ነነዌ የለኪሶን ሕዝብ በግድግዳዋ ላይ የቀረጸች ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ወደቀች፤ ስለ ውድቀቷ ነቢዩ ናሆም በደስታ ዘምሯል፤ የደም ከተማ ናት ይላል። ከነቢያቱ መጻሕፍት መካከል ግን የዮናስም አለ። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ እግዚአብሔር ከነቢዩ ጋር ይከራከራል፤ ቀኝና ግራቸውን ለይተው የማያውቁ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ስላሉባት፣ ብዙ እንስሳትም ስላሉባት ከተማ ላዝን አይገባኝምን የሚል ጥያቄ አቅርቦ፣ ጥያቄው ሳይመለስ መጽሐፉ ያልቃል። ናሆምንና ዮናስን ሁለቱንም በአንድ ጥራዝ ማኖር ቀላል አልነበረም። የተበደለ ሰው የመቆጣት መብት አለው፤ የበደለችውም ከተማ ሕፃናት አሏት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከዐቢይ ጾም በፊት ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን የምትጾመው ይህን ይዛ ነው። በካፋ ስለ 1897 በየቤቱ የሚነገረውን የሰማ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህልም እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

አገራችን እነዚህን ከተሞች ከመጽሐፍ ወደ መሬት አውርዳለች። አክሱም በጽዮን ትጠራለች። ላሊበላ ላይ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ሲፈለፈሉ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ጎልጎታም ቤተ ልሔምም እዚያው አሉ። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሠርፀ ድንግል ጊዜ በካፋ ምድር በባሃ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንደተተከለ ይነገራል። በኋላ ግንኙነቱ ተቋርጦ ካህን ጠፋ። ቦታው ግን አልተጣለም፤ ሕዝቡ እንደ ራሱ ሥርዓት የጊዮርጊስ ቤት እያለ ሲጠብቀው ኖረ። ይህን ታሪክ ስሰማ በባቢሎን ቤተ መቅደስ ሳይኖራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የጸለዩትን አስባለሁ።

በሐዲስ ኪዳን ጳውሎስ ከከተማ ወደ ከተማ ሄደ፤ አንጾኪያ፣ ፊልጵስዩስ፣ ቆሮንቶስ፣ ኤፌሶን፣ ሮም። ስለእነሱ ሌላ ቀን ሰፊ ጊዜ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳልጠቅስ ግን አላልፍም፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሰረገላ የሚሄደውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ። ሊሰግድ እስከ ኢየሩሳሌም ሄዷል፤ የዘዳግም ሕግ ግን ጃንደረባ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ሩቅ መንገድ ተጉዞ በሩ ላይ የቀረ ሰው ነው ማለት ነው። ወንጌላዊው ፊልጶስ ሲደርስበት ኢሳይያስ 53ን ያነብ ነበር። ጥቅልሉን ትንሽ ገፋ ቢያደርገው፣ በዛሬው ምዕራፍ 56 ላይ፣ እግዚአብሔር ለመጻተኛውና ለጃንደረባው በቅጥሩ ውስጥ ስፍራና ስም እንደሚሰጥ ያገኛል። የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ይህን ሰው ተጠምቆ ከውኃው ወጥቶ ደስ እያለው ሲሄድ አሳይቶን ያልፋል።

ቦንጋ ዛሬ ሌላ ዘመን ላይ ናት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ካፋ ብቻ ሳይሆን ሸካውም፣ ቤንቹም፣ ዳውሮውም፣ ኮንታውም፣ ምዕራብ ኦሞውም ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ የሚመጣ ባለጉዳይ የሚቆመው የድሮው ኬላ ላይ ሳይሆን የቢሮ በር ላይ ነው። የካፋን የዘመን መለወጫ በዓል ማሽቃሬ ባሮን ቦንጌ ሻምበቶ በተባለው ቦታ ላይ ስናከብር የነገሥታቱን ዘመን እናስባለን፤ ማሰባችንም መልካም ነው። ይሁንና ያ ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ ስንት ጊዜ ነገ ና ይባላል? ቋንቋው የተለየ ከሆነስ ማን ይሰማዋል? ቡናውን ከጫካ ለቅሞ የሚያመጣው ገበሬ ሚዛኑ ላይ ምን ይደረግበታል? የመጽሐፉ ነቢያት ከተማን የሚጠይቋት እነዚህን ነው።

ከተማ ስለሚሠራ ሰው ደግሞ ከነህምያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን አስጨርሷል። ምዕራፍ 3ን ብዙ ሰው ስሞች ብቻ ናቸው ብሎ ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። የበጎች በር፣ የዓሣ በር፣ የሸለቆ በር፣ የጉድፍ መጣያ በር፣ የምንጭ በር እያለ ከተማዋን ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ማን እንደሠራ ይጽፋል። ካህናት አሉ፣ ወርቅ አንጥረኞች አሉ፣ ሽቶ ቀማሚ አለ፣ ነጋዴዎች አሉ፤ ሰሎም የተባለው ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠርቷል። የቴቁሐ መኳንንት ግን ጫንቃቸውን ለሥራው እንዳላዋሉ ሳይደብቅ መዝግቧል። በምዕራፍ 5 ግንባታው ተጋምሶ ሳለ የድሆች ጩኸት ይነሣል፤ በዕዳ ምክንያት እርሻቸውን አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት እየሰጡ ነበር። ነህምያ ቅጥሩ ይለቅና እንመለስበታለን አላለም። መኳንንቱን ሰብስቦ ወቀሳቸው፤ እርሻውንና ወለዱን አስመለሰ። ጠላት በደጅ ሆኖ ሳለ ያደረገው ነው።

የካፋ ኬላዎች መዝገብ እንዲህ ተሟልቶ አልተጻፈም። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 መጥቶ የሰማውንና ያየውን በሁለት ጥራዝ አሳትሟል፤ ባለውለታችን ነው። መጽሐፉ ግን በጀርመንኛ ነው፤ የጻፈውም ካፋ ከተያዘች በኋላ በእንግድነት መጥቶ ነው። የቀረው በሽማግሌዎች አፍ ነው ያለው። እዚህ ያላችሁ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የእያንዳንዱን ኬላ ቦታና ስም፣ ጉድባውን የቆፈሩት ከየትኛው አካባቢ እንደመጡ፣ በሩ ላይ ማን ይዳኝ እንደነበር፣ ጠባቂዎቹም የማን ልጆች እንደነበሩ ከነስማቸው ጻፉ። ስትጀምሩም ከማንጆ ሽማግሌዎች ጀምሩ፤ ቤታቸው ገብታችሁ፣ ከማዕዳቸው ቆርሳችሁ ጠይቋቸው። በሩን ሲጠብቁ የኖሩት እነሱ ናቸውና፣ ማን እንደገባና ማን እንደተመለሰ ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።